ምናባዊ እውነታ ለሥነ ልቦናዊ ጽናትና ለተግባቦት ክህሎት ሥልጠና

በተለምዶ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ወይም ቪአር እየተባለ የሚጠራው ምናባዊ እውነታ፣ ተጠቃሚው ልዩ መነጽር አድርጎ በኮምፒውተር በተፈጠረ አካባቢ ውስጥ ያለ ያህል እንዲሰማው የሚያደርግ ቴክኖሎጂ ነው። መነጽሩ የጭንቅላትን እንቅስቃሴ እየተከታተለ ምስሉን በዚያው ቅጽበት ስለሚለውጥ፣ ተጠቃሚው ሲዞር በጎኑ ያለውን፣ ቀና ሲል ከበላዩ ያለውን ይመለከታል። ከቀደምቶቹ መሣሪያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ አይቫን ሰዘርላንድና በተማሪዎቹ የተሠራው ሲሆን፣ ከጣሪያ ጋር በተያያዘ ዘንግ ተደግፎ ይሠራ ነበር። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙት በርካታ መነጽሮች ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑና ያለ ኮምፒውተር ለብቻቸው የሚሠሩ ናቸው።

ቴክኖሎጂው ለክህሎት ሥልጠና የተፈለገው የሰው አካል ለሚያየው ነገር በሚሰጠው ምላሽ ምክንያት ነው። ተጠቃሚው የሚያየው ሁሉ ሥዕል መሆኑን እያወቀ ልቡ ይመታል፤ እጁ ያልበዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ባርባራ ሮዝባምና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ከፍታ የሚፈሩ ሰዎችን በምናባዊ ድልድዮችና ሰገነቶች ላይ ደረጃ በደረጃ በማለማመድ ፍርሃታቸው እንዲቀንስ ለማድረግ ችለዋል።

በሰው ፊት መናገርን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሙከራ ለአሠልጣኞች ልዩ ጥቅም አለው። ተሳታፊዎቹ ስምንት ሰዎች ባሉበት ምናባዊ ጉባኤ ፊት ለአምስት ደቂቃ ያህል ንግግር አድርገዋል። አንዱ ጉባኤ በትኩረት የሚያዳምጥ፣ ሌላው ምንም ስሜት የማያሳይ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚያዛጋና ጀርባውን የሚሰጥ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉባኤዎች ፊት የታየው ጭንቀት የተናጋሪውን የወትሮ በራስ መተማመን የተከተለ ሲሆን፣ ሦስተኛው ግን በራሳቸው የሚተማመኑትን ጭምር አስጨንቋል። ስለዚህ ዓይን አፋር የሆነን ሠልጣኝ በመጀመሪያው ቀን በተቆጣ ደንበኛ ወይም በጨካኝ ጠያቂ ፊት ማቆም ተገቢ አይደለም። ሙያውን በሚገባ የሚያውቅ ወጣት በቃለ መጠይቅ ፊት አንደበቱ ተሳስሮ ሥራውን የሚያጣበት አጋጣሚ ጥቂት ባለመሆኑ፣ ልምምዱ ድፍረቱን የሚጨምር እንጂ የቀረውን የሚያሳጣው መሆን የለበትም።

ሥነ ልቦናዊ ጽናትን ለመገንባት በስፋት የሚጠቀሰው ዘዴ ዶናልድ ማይክንባም ያስተዋወቀውና ከክትባት ጋር የሚመሳሰለው የጭንቀት መከላከያ ሥልጠና ነው። ሠልጣኙ በመጀመሪያ ጭንቀት ምን እንደሆነና በአካሉ ላይ እንዴት እንደሚገለጥ ይረዳል፤ ቀጥሎም አተነፋፈስን የመቆጣጠርና ከራስ ጋር በእርጋታ የመነጋገር ስልቶችን ይማራል፤ በመጨረሻ የተማረውን መጠኑ በታወቀ አስጨናቂ ሁኔታ ውስጥ ይሞክራል። ምናባዊ እውነታ የሚያገለግለው በተለይ በዚህ በሦስተኛው ደረጃ ነው። በአሜሪካ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወታደሮችን ከግዳጅ በፊት ለማዘጋጀት የነደፈው ስትራይቭ የተባለ ፕሮግራም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነው። ሁለቱን ቀዳሚ ደረጃዎች ዘሎ መነጽሩን ብቻ ማድረግ ፍርሃትን ከመቀስቀስ ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም።

ዋልማርት የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለሠራተኞቹ ሥልጠና 17,000 መነጽሮችን እንደሚያሰራጭ አስታውቆ ነበር። ፒደብልዩሲ የተሰኘው የሙያ አገልግሎት ድርጅት በ2020 ባወጣው ጥናትም በመነጽር የሠለጠኑ ኃላፊዎች ሥልጠናውን ከመማሪያ ክፍል እስከ አራት እጥፍ በፈጠነ ጊዜ እንዳጠናቀቁ፣ ወጪውም ሠልጣኞች 375 ሲደርሱ ከመማሪያ ክፍል ጋር እኩል እንደሚሆን ገልጿል። አኃዙ ማራኪ ቢሆንም የአሠልጣኝ ክፍያ ዝቅተኛ በሆነበት፣ መነጽሩ ግን በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ስሌቱ እንደገና መሠራት ይኖርበታል።

ይዘቱን ወደ አማርኛ መመለስም ከትርጉም በላይ ነው። ምናባዊው ቀጣሪ ሥራ ፈላጊውን «አንተ» ይበለው ወይስ «እርስዎ»? ሠልጣኙስ ዕድሜያቸው የገፋ ደንበኛን በምን አነጋገር ያረጋጋ? ዓይን ለዓይን መተያየትን ብቻ የመተማመን ምልክት አድርጎ ነጥብ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ በታላቅ ፊት ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ያደገውን ሠልጣኝ ያለ ጥፋቱ ዝቅተኛ ውጤት ሊሰጠው ይችላል።

አንዳንድ ተጠቃሚዎች የማቅለሽለሽና የማዞር ስሜት ስለሚያጋጥማቸው የመጀመሪያው ልምምድ ተቀምጦ ቢሆን፣ ከአሥር ደቂቃ ባይበልጥና ምቾት ሲጎድል ወዲያውኑ ቢቋረጥ ይመረጣል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ማማከር አለበት። ከባድ የሕይወት ገጠመኝ ያሳለፈ ሰው ያንን የሚያስታውስ ትዕይንት ያለ ሥነ ልቦና ባለሙያ ድጋፍ ሊቀርብለት አይገባም። መነጽሮቹ የእንቅስቃሴና፣ አንዳንዶቹም የዓይን መረጃ ስለሚሰበስቡ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ሠልጣኙ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ መነጽሩ ተወልቆ፣ ፊት የሚነካው ክፍል ለቀጣዩ ሰው እየተጸዳ ሳለ፣ አሠልጣኙ ከሠልጣኙ ጋር ስለተሰማው ስሜትና ስለሰጠው ምላሽ ቢያንስ ልምምዱ የወሰደውን ያህል ጊዜ ቢወያይ ይመከራል።