ኮሶ የሚያሽር ከሆነ፣ ለምን ተደጋግሞ ተጠጣ?

«እንደ ኮሶ መረረኝ» ሲባል ሰምታችኋል። እናንተም ብላችሁት ታውቁ ይሆናል። ግን ከጓደኞቻችሁ መካከል ኮሶን በአፉ ያደረገ ስንት ሰው አለ? ምናልባት አንድም የለም። ከጥቂት ትውልድ በፊት ግን በደጋው አገር ኮሶ መጠጣት ልክ እንደ ፀጉር መቆረጥ ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ ነገር ነበር።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። መሐንዲስ ደግሞ ተደጋግሞ የሚጠገን ነገር ሲያይ «ብልሽቱ ከየት ነው የሚመጣው?» ማለቱ አይቀርም። እናም ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን እንሂድ፦ ኮሶ በእርግጥ የሚያሽር ከሆነ፣ ሰዎች ለምን ዕድሜ ልካቸውን ደጋግመው ጠጡት? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛፉና ትሉ

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። እስከ 20 ሜትር ሊያድግ ይችላል፤ በቤተሰብ ከጽጌረዳ ጋር ይዛመዳል። ወንዴውና ሴቴው የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ለመድኃኒት የሚመረጠው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። አበባው ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል።

ትሉ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከመድኃኒቱ ነው፦ የኮሶ ትል። እጩ በከብት ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ሥጋው በጥሬው ሲበላ አንጀት ውስጥ ይገባና በራሱ ላይ ባሉት መምጠጫዎች ግድግዳውን ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ ያድጋል። ምን ያህል መሰላችሁ? ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር! አካሉ እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠለ ነው። አዲሱ ፉርጎ ከአንገቱ በኩል ይበቅላል፤ የበሰለው፣ እንቁላል የሞላው ደግሞ ከጅራቱ በኩል እየተቆረጠ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። እንቁላሉ ሜዳ ላይ ሣር ላይ ይቀራል፣ ከብት ይግጠዋል፣ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል።

ኮሶ ሻጭ፣ ኮሶ ጠጪ

ኮሶ ገበያ ላይ የሚሸጥ ነገር ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ እናት በችግራቸው ጊዜ ኮሶ ይሸጡ ነበር ስለሚባል ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባሉ የጦር አለቃ በዚህ ስድብ ፎክረው ሊወጉዋቸው ሄዱ፤ ተሸንፈው ሲማረኩ ግን ካሳ (የኋላው ቴዎድሮስ) ያንኑ ኮሶ አስጠጧቸው ተብሎ ይተረካል።

ብቸኛው መድኃኒት ግን ኮሶ አልነበረም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1969 ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ የኮሶ ትል መድኃኒቶች ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። እንቆቆና መተሬም ለዚሁ ሥራ ይውሉ ነበር። ስሙ የገነነው ግን ኮሶ ነው።

ኮሶ ባሕር ተሻገረ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 ኢትዮጵያ ውስጥ ቆይቶ ነበር። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የዛፉን ሥዕል አካቶ፣ አጠቃቀሙንም ገልጾ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። ዛፉን በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በጆሴፍ ባንክስ ስም «ባንክሲያ አቢሲኒካ» አለው። ስሙ ግን ቀድሞ ለሌላ ተክል ተሰጥቶ ስለነበር በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» ብሎ ለወጠው፤ ዛሬም የሚታወቀው በዚሁ ነው። በኋላ ደግሞ ኩንት የተባለ ሌላ ጀርመናዊ፣ አበባውን ከቁስጥንጥንያ ባስተዋወቀው በፈረንሳዊው ሐኪም በብራየር ስም «ብራየራ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ልብ በሉ፦ ሃገን ጀርመናዊ፣ ባንክስ እንግሊዛዊ፣ ብራየር ፈረንሳዊ። አበባውን ለቅማ፣ አድርቃና መጥና የምታጠጣው የጎንደር ሴት ስም ግን የትም አልተጻፈም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ኮሶ አውሮፓ ውስጥ ይፈለግ ጀመር፤ የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥም ገባ። እዚህ ላይ በጣም የወደድኳት አንዲት ዝርዝር አለች። የብሪታንያው አዘገጃጀት አበባው በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ ሳይጠለል ይጠጣ ይላል። ለምን? ትሉን የሚያጠቁት ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን የተባሉት ውህዶች በውሃ ውስጥ ስለማይሟሙ ነው። አጥልላችሁ ብትጠጡ ዋናውን ነገር ከአተላው ጋር ደፋችሁት ማለት ነው። የእኛ ሰዎች ታዲያ ያለ ላቦራቶሪ ከነአተላው ነበር የሚጠጡት።

ችግርም አልጠፋም። አበባው በቆየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። በግመልና በመርከብ ወራት ፈጅቶ የደረሰ ኮሶ ገበያው ላይ እንደወረደ ትኩስ ኮሶ ሊሠራ አይችልም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ

ሰው ለምን ደጋግሞ ጠጣ? አንደኛው መልስ አንገቱ ላይ ነው። ፉርጎዎቹ የሚበቅሉት ከዚያ ስለሆነ፣ ስምንት ሜትር ትል ወጥቶ ራሱና አንገቱ ከቀሩ ትሉ እንደገና ያድጋል። ፉርጎዎቹ ተመልሰው መውጣት እስኪጀምሩ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። የጥንት ተጓዦች ሰው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣል ብለው መጻፋቸው ከዚህ አይርቅም። ሁለተኛው መልስ ደግሞ ቀላል ነው፦ ሰውየው ድኖ ሲያበቃ እንደገና ጥሬ ሥጋ ይበላል። መድኃኒቱ ቧንቧውን ያጸዳል እንጂ ምንጩን አይዘጋም።

ይህ ድግግሞሽ ዋጋ ነበረው። ኮሶ ትውከት፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ከመጠን ሲያልፍ የዓይን ብርሃን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። በ1985 የታተመ በጫጩቶች ላይ የተሠራ ጥናትም ኮሶ የዓይን ሬቲናን እንደሚጎዳ አሳይቷል። እና «መጠኑን አስተካክሎ መውሰድ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ጭንቁ እሱ ነው። አንድ እፍኝ አበባ ውስጥ ያለው የውህድ መጠን እንደ ዛፉ፣ እንደ አሰባሰቡና እንደ ዕድሜው ይለያያል። ዛሬ ያሽራችሁ እፍኝ ነገ ሊጎዳችሁ ይችላል። በ1960ዎቹ የመጣው ኒክሎሳማይድና ከእሱ በኋላ የተከተለው ፕራዚኳንቴል ኮሶን ያሸነፉት በዋናነት በዚህ ነው፦ እያንዳንዱ ክኒን ውስጥ ያለው መጠን ይታወቃል። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ኮሶ ልሞክር እንዳትሉ። ትል ካስቸገራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምንጩን ለመዝጋት ደግሞ ሥጋን በደንብ ማብሰልና መጸዳጃ ቤት መጠቀም አለ።

ታዲያ ኮሶን እንርሳው? እኔ አይመስለኝም። ዛፉ ለጣውላ ሲባል ብዙ ተቆርጧል፤ በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ከዋንዛ፣ ከጥድና ከዝግባ ጋር እንዳይቆረጥ የከለከለውም ለዚህ ነው። እውቀቱም ከዛፉ ጋር እየሄደ ነው። አያት ወይም የሰፈር አዛውንት ካላችሁ ጠይቋቸው፦ አበባው መቼ ይለቀም ነበር? ወንዴውን ከሴቴው በምን ይለዩታል? ለልጅ ስንት፣ ለአዋቂ ስንት ይሰጥ ነበር? ነፍሰ ጡር ትጠጣ ነበር ወይስ ይከለከል? መልሱን ከነቦታውና ከነቀኑ ጻፉት። ነገ ይህን ዛፍ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያጠና ሰው ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው ከእንዲህ ያለ ማስታወሻ ነው።