የብስክሌት ደኅንነት ትምህርት ለታዳጊዎች (ላቪንግተን፣ ናይሮቢ)

ታዳጊዎች ብስክሌትን ከአደጋና ከሌባ ጠብቀው እንዲጠቀሙ የሚሰጥ ተግባራዊ ሥልጠና ነው። ላቪንግተን በናይሮቢ ምዕራብ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ሲሆን፣ ጄምስ ጊቹሩና ጊታንጋን የመሳሰሉ መንገዶቹን ብስክሌተኛው ከማታቱ (የሕዝብ ሚኒባስ) እና ከቦዳ ቦዳ (የሞተር ብስክሌት ታክሲ) ጋር ይጋራል። የናይሮቢ ካውንቲ ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች ትኩረት የሰጠ ፖሊሲ ያወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው።

ዝግጅት። ልምምዱ በግቢ ወይም መኪና በማይገባበት ሜዳ ይጀመራል። ከመውጣት በፊት የጎማው ንፋስ፣ ፍሬኑና ካቴናው ይፈተሻሉ። ሄልሜት ግንባርን ሸፍኖ ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ማሰሪያው አገጭ ሥር ከአንድ ወይም ከሁለት ጣት በላይ አያሳልፍም።

መንገድ ላይ። በኬንያ በግራ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በቀኝ ስለሚነዳ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ልማዱን መቀየር አለበት። የሚሄደው በግራ ጠርዝ ነው፤ ተቃራኒውን መስመር የሚያቋርጠው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ስለሆነ፣ ቀድሞ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል፣ እጁን ዘርግቶ ምልክት ይሰጣል። ከቆመ መኪና አጠገብ ሲያልፍም በር ድንገት ቢከፈት የማይመታበትን ርቀት ይጠብቃል።

ከስርቆት መጠበቅ። ቁልፉ የብስክሌቱን ዋና ብረትና የኋላ ጎማ አንድ ላይ ይዞ፣ ከማይነቀል ብረት ጋር ይታሰራል። የፊት ጎማ ብቻ ከታሰረ ሌባው ጎማውን ፈትቶ ትቶ ቀሪውን ይወስዳል። ብዙ ጊዜ ከፔዳሉ ማቀፊያ ሥር የሚታተመው መለያ ቁጥር ከፎቶ ጋር ይመዘገባል፤ ብስክሌቱ ቢሰረቅ ለፖሊስ የሚቀርበው ይኸው ነው። ጥበቃ ባለበት ግቢም ቢሆን መቆለፍ አይቀርም።