ፊደል በስልክ ሽቦ

ከሀዋሳ እስከ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብዳቤ በአውቶቡስ ሲላክ ቀኑን በመንገድ ያሳልፍ ነበር፤ ፋክስ ሲመጣ ግን ጉዞው የደቂቃ ሆነ። በ1952 ዓ.ም.፣ ራስ መንገሻ ስዩም ሲዳሞን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን የተቆረቆረችው ከተማ፣ እስከ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረችና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚበዛባት ከተማ ነበረች።

ፋክስ ብዙዎች እንደሚገምቱት የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ቤን የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1843፣ ማለትም ከቤል ስልክ 33 ዓመት ቀድሞ ነው። ከዓለም ቢሮዎች ሁሉ ጋር ያዛመደው ግን አንድን ገጽ በደቂቃ ገደማ እንዲልክ ያስቻለው የ1980ው ዓለም አቀፍ ደንብ ነው።

ለእኛ ግን ከፍጥነቱ የሚበልጥ ውለታ ነበረው። በዓለም አቀፉ ቴሌክስ መሠረታዊ ጥምረቶች 32 ብቻ ነበሩ፤ ከሁለት መቶ የሚበልጡት ፊደሎቻችን በዚያ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውምና አማርኛ በዚያ መስመር የሚሄደው የላቲን ልብስ ለብሶ ነበር። ፋክስ ግን ፊደል አይለይም፤ የሚያየው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ጃፓኖች ፋክስን አጥብቀው የወደዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ፊደሉ፣ ፊርማው፣ ክቡ ማኅተም ሳይቀር እንዳለ ይሻገራል።

ይሁን እንጂ እንዳለ የሚሻገረው ወረቀቱ በደንብ ሲሰናዳ ነው። አግራፉና የስቴፕለር ሽቦው ይነቀላል፤ የተጨማደደው ይቃናል፤ የደበዘዘው የካርቦን ግልባጭ አስቀድሞ በፎቶ ኮፒ ይጠቁራል። በፈዛዛ ሰማያዊ ብዕር የተፈረመ ፊርማ ሊጠፋ ይችላል፤ በጽሑፍ ላይ ያረፈ ወይን ጠጅ ማኅተም ደግሞ ቃላቱን ይውጣል። ስለዚህ ማኅተሙ ከቲተሩ ጎን፣ ባዶ ስፍራ ላይ ቢያርፍ ይመረጣል። ገጾቹ ይቆጠራሉ፤ ቁጥራቸውም በሸኚው ላይ ይሰፍራል።

ጥንቃቄው ከንቱ አልነበረም። መሣሪያው በተራ አሠራሩ በአንድ ሚሊ ሜትር 3.85 መስመር፣ በ«ፋይን» ደግሞ 7.7 መስመር ያነባል። «ከፈለ» እና «ከፈሉ» የሚለዩት በአንዲት ቅንጣት ጭረት ነው። ያቺ ጭረት በመስመሮቹ መካከል ከጠፋች አንድ ሰው የከፈለው ይሁን ብዙዎች የከፈሉት አይታወቅም። ያቺን አንዲት ቁልፍ መጫን የሚያውቅ ጸሐፊ፣ ሳያስበው የፊደል ጠባቂ ነበረ።

የላኪው ትጋት ግን በተቀባዩ ወረቀት ላይ ያበቃል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ያትሙ የነበረው በቀለም ሳይሆን በሙቀት በሚጠቁር ልባጭ ወረቀት ላይ ነው። ያ ወረቀት በሙቀት፣ በብርሃን፣ በላስቲክ ማኅደርም ይነጣል። አስተዋይ መዝገብ ቤት የደረሰውን ፋክስ ወዲያው ፎቶ ኮፒ አንሥቶ ቅጂውን ያስቀምጥ ነበር፤ ያላነሣው ዛሬ ባዶ ወረቀት ታቅፏል።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ኃላፊው በኅዳጉ ላይ በብዕር ያሰፈረው ምሪት አይነጣም። እናም የዚያን ዘመን ታሪክ የሚሻ ሰው አንድ ቀን ማኅደሩን ሲገልጥ፣ «ተመልክታችሁ በአስቸኳይ ይፈጸም» የሚል ትእዛዝ በጠራ ብዕር ያገኛል። ምን እንዲፈጸም እንደታዘዘ ግን ወረቀቱ ረስቶታል።