የሱስ ሕክምና አማካሪነት ፈቃድ በቴክሳስ

በአሜሪካ የሱስ ሕክምና አማካሪ የሚባለው በአልኮል፣ በአደንዛዥ ዕፅ ወይም ያለ አግባብ በሚወሰድ መድኃኒት የተጠመደን ሰው አነጋግሮ ሁኔታውን የሚለይ፣ የሕክምና ዕቅድ የሚያወጣ፣ በግልም በቡድንም የሚያማክር ባለሙያ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ስለሆነ ስያሜውም መመዘኛውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሚኒሶታ የመጀመሪያ ዲግሪና 880 ሰዓት የተግባር ልምምድ ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ በበኩሏ ለአማካሪዎች ራሷ ፈቃድ አትሰጥም፤ እውቅና ያገኙ ማኅበራት ሰርተፍኬት እንዲሰጡ ትታዋለች። ቴክሳስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ይበቃል ትላለች፤ በምትኩ ግን ረጅም የሥራ ልምምድ ታስከፍላለች። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በቴክሳስ ላይ ነው፤ በዳላስ ዙሪያ፣ በተለይም በጋርላንድ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አመጣጡ

ሙያውን የጀመሩት የተማሩ ሰዎች ሳይሆኑ መጠጥን የተዉ ሰዎች ናቸው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ በቦስተን ኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ይረዳ የነበረው ኮርትኔይ ቤይለር ራሱ ከመጠጥ ተላቆ ሌሎችን ለመርዳት ደመወዝ ከተቆረጠላቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በ1935 በአክረን ከተማ የተመሠረተው የአልኮሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ደግሞ «የጠጣ ሰው የጠጣን ሰው ይረዳል» የሚለውን አካሄድ በመላው አገሪቱ አዳረሰ፤ ነገር ግን አገልግሎቱ በነጻ እንጂ በክፍያ አልነበረም።

ለውጡ የመጣው ከሚኒሶታ ነው። በዊልማር የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪሙ ኔልሰን ብራድሊና የሥነ ልቦና ባለሙያው ዳንኤል አንደርሰን ከመጠጥ ያገገሙ ሰዎችን ከሐኪሞችና ከነርሶች እኩል የሕክምናው ቡድን አባል አደረጓቸው። በ1954 ክፍለ ግዛቷ ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን የመንግሥት የሥራ መደብ ከፈተች። ከዚያም በ1970 የአይዋው ሴናተር ሃሮልድ ሂዩዝ፣ እሱም ከመጠጥ ያገገመ ሰው ነበር፣ በስሙ የሚጠራውን ሕግ አጸደቀና የፌዴራል ገንዘብ ወደ ሕክምና ማዕከላት ይፈስ ጀመር። ገንዘብ ሲመጣ ጥያቄ ተከትሎ መጣ፤ ከፋዩ መንግሥትም ሆነ ኢንሹራንሱ «ለመሆኑ አማካሪ የሚባለው ማን ነው?» ማለቱ አልቀረም። ፈተናዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ የሰርተፍኬት ኅብረት በ1981 የተቋቋመው ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

ዛሬ ያለው ፈቃድ እንግዲህ የሁለት ወገኖች ስምምነት ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ወገን «ያላየው አያውቀውም» ባይ ነው፤ ሌላው «ማየት ብቻውን ሙያ አይሆንም» ይላል። በቴክሳስ መመዘኛ ውስጥ ሁለቱም ድምፆች በቁጥር ተጽፈው ይገኛሉ።

ትምህርትና ማመልከቻ

ፈቃዱን የሚሰጠው የቴክሳስ የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት ኮሚሽን ነው። አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ከሰው ባሕርይና ከአገልግሎት አሰጣጥ ጋር የተያያዘ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ያስፈልገዋል። በተጨማሪም 270 የክፍል ሰዓት፣ ማለትም 18 ክሬዲት፣ የሱስ ሕክምና ትምህርትና 300 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይጨርሳል። በሥነ ልቦና፣ በሶሲዮሎጂ ወይም በተቀራራቢ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ከእነዚህ ከሁለቱ ነጻ ሊሆን ይችላል። ዲግሪውን ከኢትዮጵያ ይዞ የመጣ ሰው ትራንስክሪፕቱን የውጭ አገር ትምህርት ለሚገመግም ድርጅት ልኮ ማስመዘን ይጠበቅበታል፤ ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ከሁሉ አስቀድሞ ቢጀመር ይሻላል።

የጣት አሻራ ሰጥቶ የወንጀል መዝገብን ማስመርመርም ግዴታ ነው። ከሱስ ካገገሙት መካከል የቀድሞ የፍርድ ቤት መዝገብ ያለባቸው ጥቂት ስላልሆኑ ብዙዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ተስፋ ይቆርጣሉ። የቆየ ጥፋት ሁሉ ግን በሩን አይዘጋም። የቴክሳስ ሕግ አመልካቹ ለትምህርት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት መዝገቡ ያስከለክለው እንደሆነ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል፤ ይህን ዕድል ሳይጠቀሙ ሁለት ዓመት ተምሮ በሩ ላይ መመለስ የሚያሳዝን ነው።

አራት ሺሕ ሰዓት

ዋናው ሸክም ይህ ነው። አመልካቹ ኢንተርን ሆኖ ይመዘገብና በሱፐርቫይዘር ሥር 4,000 ሰዓት ይሠራል፤ ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ክትትሉ መጀመሪያ ላይ ጠበቅ ያለ ነው፤ ሰዓቱ እየጨመረ ሲሄድ እየላላ ይመጣል።

ሥራው በልማድ በአሥራ ሁለት ተግባራት ይከፈላል፤ ከቅድመ ልየታና ከቅበላ ጀምሮ እስከ ሪፈር መላክና መዝገብ መያዝ ድረስ። ከሁሉም በላይ የአማካሪው ብቃት የሚታየው በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ነው። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር መጣ እንበል። «ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የምጠጣው» ይላል። ጀማሪው ኢንተርን ይህንኑ ጽፎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። የበሰለው አማካሪ ግን «መጨረሻ የጠጡት መቼ ነው? በስንት ሰዓት?» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ «ሰኞ ጠዋት እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ያልብዎታል? ወድቀው ያውቃሉ?» ይላል። ጥያቄዎቹ ለወግ አይደሉም። ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ሊነሳበት ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ሕይወት እስከ ማጥፋት የሚደርስ መቃዠትና መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል። ሄሮይን ማቆም በጣም ያሠቃያል እንጂ በራሱ የሚገድለው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ «ዛሬውኑ እርግፍ አድርገህ ተው» የሚለው የቅርብ ዘመድ ምክር፣ በቅን ልብ ቢነገርም፣ ለዚህ ሰው አደገኛ ነው። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

የሱሱ ክብደት የሚለካው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ ነው። በመመሪያው 11 መስፈርቶች አሉ፤ ሁለት ወይም ሦስቱ ከተገኙ ቀላል፣ አራት ወይም አምስት ከሆኑ መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከባድ ይባላል። የሚጠጣው መጠን ከእነዚህ ውስጥ የለበትም፤ የሚጠየቀው ካሰበው በላይ መጠጣቱ፣ ለመተው ሞክሮ አለመቻሉ፣ ሥራውና ትዳሩ መጎዳታቸው ነው።

ኢንተርኖች በብዛት የሚማረሩበት ግን መጻፉ ነው። ከእያንዳንዱ የምክክር ክፍለ ጊዜ በኋላ ማስታወሻ ይጻፋል፤ ሱፐርቫይዘሩም አይቶ ይፈርማል። «ዛሬ ደህና ነበር፤ ተሳትፏል» ብሎ የጻፈ ሰው ወረቀቱ ይመለስለታል። ሕመምተኛው ምን አለ፣ አማካሪው ምን አደረገ፣ ይህ ከሕክምና ዕቅዱ ከየትኛው ግብ ጋር ይያያዛል፣ ቀጥሎ ምን ይደረጋል የሚሉት ሁሉ መመለስ አለባቸው። አሰልቺ ነው፤ ግን ኢንሹራንሱ የሚከፍለው በዚያ ወረቀት ነው፤ ሌሊት ተረኛ የሆነው ባልደረባም ሕመምተኛውን የሚያውቀው በዚያው ነው።

በማማከር ወይም በሶሻል ወርክ ማስተርስ ያለው ሰው ከ4,000 ሰዓቱ ነጻ የሚሆንበት ቀዳዳ አለ። የሕጉን ሐሳብ መረዳት አይከብድም፤ ይሁን እንጂ መጠጥ ያቆመ ሰው በሁለተኛው ቀን ምን እንደሚመስል አጠገቡ ተቀምጦ ያላየ አማካሪ በዲግሪው ብዛት ብቻ ዕውቀቱ ሞልቷል ማለት ያስቸግራል።

ፈተና

ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ ሲሆን 150 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት፤ ጊዜው ሦስት ሰዓት ነው። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ባለው ሚዛን ተሰልቶ 500 ያገኘ ያልፋል። በአማርኛ አይሰጥም። ከቃላት ትርጉም ይልቅ «በዚህ ሁኔታ መጀመሪያ የምታደርገው የቱን ነው?» የሚሉ ጥያቄዎች ይበዙበታል፤ አራቱም መልሶች ትክክል ይመስላሉ፤ የሚፈለገው ግን ቀዳሚው ነው።

ምስጢር

የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ የጠበቀ የፌዴራል ከለላ አለው። ሕጉ የ1970ዎቹ ነው፤ መነሻውም ሰዎች ሥራቸውን እናጣለን ወይም እንታሰራለን ብለው ከሕክምና እንዳይሸሹ ነበር። በ2024 ተሻሽሎ ከአጠቃላዩ የጤና ምስጢር ሕግ ጋር ቢቀራረብም ሰውየው በማዕከሉ መኖሩን መናገር እንኳ ምስጢር ማውጣት መሆኑ አልቀረም። እናት ደውለው «ልጄ እናንተ ጋ ገብቷል ወይ?» ቢሉ አማካሪው «እማማ፣ አለም የለም ማለት አይፈቀድልኝም» ከማለት ውጭ ምርጫ የለውም፤ ልጁ የጽሑፍ ፈቃድ ከሰጠ ነገሩ ሌላ ነው። ድንገተኛ የሕክምና አደጋና በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ማሳወቅን የመሳሰሉት በሕጉ ከተፈቀዱት ጥቂት ክፍተቶች መካከል ናቸው።

ሐበሻው በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ሕግ ከባድ ነው። አማካሪው ማክሰኞ በቡድን ያገኘውን ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያገኘዋል፤ በዕድር ስብሰባም አብረው ይቀመጡ ይሆናል። በሥነ ምግባር ደንቡ ዘመድን ወይም የቅርብ ወዳጅን ማከም አይገባም፤ በመንገድ ሲገናኙም ሰላምታውን ሕመምተኛው ራሱ እስኪጀምር መጠበቅ በሙያው የተለመደ ነው። በሌላ በኩል ልጅን ለአባቱ አስተርጓሚ አድርጎ ስለ መጠጥ መጠየቅ ከሁሉም የከፋ ስለሆነ ቋንቋውን የሚያውቅ አማካሪ ዋጋው ትልቅ ነው። ጠበል የተጠመቀን ሰው ሳይንቅ ሕክምናውንም እንዲቀጥል ማግባባት ይችላል። ስለ ጫትም መጠየቅ ያውቃል። ካቲኖን የተባለው በጫት ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር በአሜሪካ ሕግ ከ1993 ጀምሮ በጣም ከተከለከሉት ዕፆች ተርታ ስለሆነ ሰውየው ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ጠያቂው ጫትን ካላወቀ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይነሳም።

ከፈቃዱ በኋላ

ፈቃዱ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለዚህም በመደበኛው 40 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ያስፈልጋል። ባለፈቃዱ መድኃኒት አያዝም፤ ለሄሮይንና ለመሰሎቹ ሱስ የሚታዘዙት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የአማካሪው ድርሻ አይደሉም። ከሱሱ ጎን ለጎን ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተጠረጠረም ወደሚመለከተው ባለሙያ ይልካል። ክፍያው ከሥራው ክብደት ጋር አይመጣጠንም ብለው የሚያማርሩ ብዙ ናቸው፤ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2023 ለሱስና ለአእምሮ ጤና አማካሪዎች ያስቀመጠው መካከለኛ የዓመት ገቢ 53,710 ዶላር ነበር። ሥራ ግን አይጠፋም፤ በ2021 ብቻ በአሜሪካ ከ106,000 በላይ ሰዎች ከመጠን በላይ በወሰዱት ዕፅና መድኃኒት ሞተዋል፤ አብዛኞቹን የገደሉት ፌንታኒልና መሰል ሰው ሠራሽ ዕፆች ናቸው።

ከቴክሳስ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት የሚዛወር አማካሪ ፈቃዱን ይዞ መሄድ አይችልም። የዓለም አቀፉ ኅብረት ሰርተፍኬት ካለው ሰርተፍኬቱ በአባል ማኅበራት መካከል ሊተላለፍለት ይችላል፤ ፈቃዱን ግን በአዲሱ ቦታ እንደገና ማመልከት አለበት። በቴክሳስ የሠራቸው ሰዓታት የሚቆጠሩለት ሱፐርቫይዘሩ የፈረመበትን መዝገብ ማቅረብ ከቻለ ስለሆነ ልምድ ያላቸው ሰዎች ኢንተርኖችን የእያንዳንዱን ወረቀት ቅጂ ለራሳቸው እንዲያስቀሩ ይመክሯቸዋል፤ ማዕከላት ይዘጋሉ፣ ሱፐርቫይዘሮችም ሥራ ይለቃሉ።