የልብ ምት ወረቀት፦ ማስረጃው አለ፣ አንባቢውስ?

በእብናትም ሆነ በፋርጣ ገጠር አንድ ሰው “ልቤን ይመታኛል” ብሎ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ደም ማነስ፣ ጭንቀት፣ ትኩሳት፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ልብን ያስሮጣሉ። ባለጉዳይዋ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ የምትገኝ፣ አቀበት ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት እናት ከሆነች ግን አንድ ሌላ ጥርጣሬ መነሣት አለበት። እሱም በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም አስከትሎት የሄደ የልብ ቫልቭ ጉዳት ነው። ለዚህ ጥርጣሬ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች አንዱ በተለምዶ ኢሲጂ የምንለው የልብ ምርመራ ወረቀት ነው።

እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይህንን የምጽፈውም ማንም ራሱን እንዲያክም ሳይሆን፣ በእጁ የሚገባው ወረቀት ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር እንዲያውቅ ነው።

መሣሪያው ምን ይሠራል?

ሆላንዳዊው ዊለም አይንቶቨን ለዚህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። መሣሪያው ወደ ሰውነት ኤሌክትሪክ አይልክም። ልብ ራሷ የምታመነጨውን ደካማ ኤሌክትሪክ በደረት፣ በእጅና በእግር ላይ ከሚያዙ 10 ቦታዎች ተቀብሎ በ12 አቅጣጫ ይጽፋል። ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 25 ሚሊ ሜትር ስለሚጓዝ፣ አንዷ ትንሽ ካሬ 0.04 ሴኮንድ፣ ትልቋ ደግሞ 0.20 ሴኮንድ ናት።

በቅደም ተከተል ማንበብ

ዳኛ ማስረጃን በተራ እንደሚመዝን ሁሉ አንባቢውም አራት ጥያቄዎችን በተራ ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ፍጥነቱ ስንት ነው? በሁለት ረዣዥም ሹል መስመሮች መካከል ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ቆጥሮ 300ን ለዚያ ማካፈል ነው። 4 ካሬ ከሆነ ምቱ በደቂቃ 75 ነው። ዕረፍት ላይ ላለ አዋቂ ከ60 እስከ 100 ደህና ነው። ምቱ ወጥ ካልሆነ በ30 ትልልቅ ካሬዎች ውስጥ ያሉትን ሹል መስመሮች ቆጥሮ በ10 ማባዛት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ርቀታቸው እኩል ነው? በቁራጭ ወረቀት ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጎ ማስተያየት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ሹል መስመር በፊት ፒ የምትባለው ትንሽ ጉብታ አለች? ከእሷ መጀመሪያ እስከ ሹሉ መነሻ ከ3 እስከ 5 ትንንሽ ካሬ ይጠበቃል። ከዚያ ከረዘመ ወይም ሹሉ አንዳንዴ ከቀረ፣ መልእክቱ መንገድ ላይ እየተያዘ ነው ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሹሉ ጠባብ ነው? ከ3 ትንንሽ ካሬ ማነስ አለበት። ሰፊም ፈጣንም ከሆነ፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ አደገኛ ተብሎ ይያዛል።

የዚያች እናት ወረቀት

ከላይ ባነሣኋት እናት ወረቀት ላይ ፒ ከጠፋችና ሹሎቹ ያለ ምንም ሥርዓት ከተበታተኑ፣ የላይኛው የልብ ክፍል ይርገበገባል እንጂ አይመታም። በጠበበ ቫልቭ ምክንያት በሰፋው ክፍል ውስጥ ደም ይቆማል፣ ይረጋል፣ የረጋውም ወደ አንጎል ይሄዳል። በጤናማ ዕድሜ ድንገት አንድ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው ሰዎች ታሪክ አንዳንዴ ከዚህ ይጀምራል።

መከላከያው ዋርፋሪን ነው። ከ4,500 በላይ ሕሙማንን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ ጥናት፣ በቁርጥማት ምክንያት ለመጣ የልብ በሽታ ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ የዋርፋሪን ዓይነቱ መድኃኒት የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ዋርፋሪን ግን በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ ለፅንስም አደገኛ ስለሆነ ለወጣት ሴት ጥንቃቄው እጥፍ ነው። እንግዲህ ከእብናት ለምትመጣ ሴት ዋናው ጥያቄ መድኃኒቱ መታዘዙ ብቻ አይደለም። ምርመራው የት ይደረግላታል? በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተከሰተው ግጭት እንዳየነው መንገድ ሲዘጋስ ማን ይከታተላታል?

ወረቀቱ የማይናገረው

ቫልቭን አያሳይም፤ ለዚያ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። የሚመዘግበው ጥቂት ሴኮንዶችን ስለሆነ፣ መጣ ሄደት የሚለውን ችግር ሊያልፈው ይችላል። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው መስመሩን ያበላሸዋል። መሣሪያው ከራስጌ የሚያትመው “ውጤት” ደግሞ የምስክር ቃል እንጂ ፍርድ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ዘመዴን ለክትትል በወሰድኩበት ሆስፒታል የቀድሞው ወረቀት በካርዱ ውስጥ ቢገኝም ደብዝዞ አልተነበበም። ይህ ወረቀት ሙቀትና ብርሃን ያጠፋዋል። ፎቶ ኮፒ አድርጉት፣ ወይም በስልክ አንሡት። አሮጌው ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር ነው ብዙ የሚናገረው።

በመጨረሻም

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(4) መንግሥት ለጤና አገልግሎት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። ይህ በሽታ ከአፍሪካ እንዲጠፋ የሚጠይቀው መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው በመዲናችን ስም ነው። መሣሪያ ገዝቶ ማከፋፈል ቀላሉ ክፍል ነው። በየወረዳው ሆስፒታል ወረቀቱን የሚያነብ ባለሙያ፣ የዋርፋሪን ክትትል የሚያደርግ ላቦራቶሪ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የሕፃኑን ጉሮሮ በወቅቱ የሚያክም ፔኒሲሊን ካልተሟሉ፣ ማስረጃ ሰብስበን ፍርድ ሳንሰጥ መዝገብ እንደመዝጋት ይቆጠራል።