ነጋዴና ባለሀብት፦ በሥራ መጠራትና በይዞታ መጠራት

የንግድ ድርጅት ባለቤት በአማርኛ «ነጋዴ»ም «ባለሀብት»ም ይባላል። አንዱ ሌላውን የሚተካ ቢመስልም የሚሰጡት መረጃ አንድ አይደለም። «ነጋዴ» የወጣው «ነገደ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ግሱ መጓዝንም ስለሚያመለክት «መንገድ» እና «እንግዳ» የሥር ዘመዶቹ ናቸው። ቃሉ ሰውን በሚሠራው ሥራ ይጠራዋል። «ሀብት» ግን «ወሀበ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ ስጦታ ነው፤ ሀብተ ጊዮርጊስንና ሀብተ ማርያምን የመሰሉ ስሞች ይህን ትርጉም ጠብቀውታል። «ባለ» ሲጨመርበት ሰውዬው ያለውን ይናገራል እንጂ የሚሠራውን አይናገርም። ይህ ልዩነት ከሥርወ ቃል አልፎ ተጠያቂነትን ስለሚነካ፣ በሕዝብ ጉዳይ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ሊጠብቀው ይገባል።

ታሪኩም ነጋዴነትን ከኃላፊነት ጋር ያያይዘዋል። የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ የነበረው ነጋድራስ በኋላ የገበያና የጉምሩክ ሹም፣ የንግድ ክርክርም ዳኛ ሆኗል፤ ደራሲዎቹ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በድሬዳዋ የያዙት ሹመት ይህ ነበር። የ1952ቱ የንግድ ሕግም በአንቀጽ 5 ነጋዴን የለየው በሀብቱ መጠን ሳይሆን፣ ከተዘረዘሩት 21 ሥራዎች አንዱን ሙያዬ ብሎ ለጥቅም በመሥራቱ ነው። መዝገብ የመያዝና የመመዝገብ ግዴታም፣ አንቀጹ በ2013 እስኪተካ ድረስ፣ ከዚሁ ይመነጭ ነበር። ከ1984ቱ የኢንቨስትመንት አዋጅ ወዲህ ግን «ባለሀብት» የክብር መጠሪያ ወደመሆን አዘነበለ። ፋብሪካ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጠው ባለሀብት ነው፤ ዋጋ ሲንር የሚወቀሰው «ስግብግብ ነጋዴ» ነው። አስመጪው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ወቀሳው ግን በአብዛኛው ባለሱቁ ላይ ያርፋል።

«ነጋዴ ገዝቶ የሚሸጥ ብቻ ነው፤ ፋብሪካ ያቋቋመን አይገልጽም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። በዕለት ንግግር እውነትነት አለው፤ የ1952ቱ ሕግ ዝርዝር ግን ማምረትን፣ ግንባታን፣ ሆቴልንና ባንክን ጭምር ይዞ ነበር። የተቃውሞው ጠንካራ ጎን ሌላ ነው፦ ያው ሕግ በእርሻ የሚተዳደረውን ከነጋዴነት ስላወጣው፣ በሰፊ እርሻ ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ሌላ ስም አስፈለገው። እዚህ ላይ «ባለሀብት» ቦታውን አገኘ እንጂ የነጋዴን ቦታ አልወሰደም። ሌሎች ደግሞ «ነጋዴ» ነቀፋ የተጫነበት ስለሆነ ቢቀር ይሻላል ይላሉ። ይሁንና ባለጸጋው ስሙን ጥሎ ሲወጣ ነቀፋው ለድሃው ነጋዴ ይተርፋል፤ ቃሉም ይበልጥ ይጎድፋል።

እንግዲህ መለኪያው የጉዳዩ ዓይነት ነው። የተመደበ ካፒታል ሲነሳ «ባለሀብት» ተገቢ ነው፤ ዋጋ፣ ፈቃድና ግብር ሲነሳ ግን ሰውዬው ሚሊየነርም ይሁን ጉልት ቸርቻሪ፣ በሥራው ስለሚጠየቅ «ነጋዴ» ሊባል ይገባል።