ሕመም የማይሰማው እጅ

በቀደመው ዘመን በአብያተ ክርስቲያናት ደጀ ሰላም ተቀምጠው በእመቤታችን ስም ምጽዋት ከሚለምኑት ድውያን መካከል ጣቶቻቸው ያለቁባቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ብዙዎች ነበሩ፤ ያያቸውም ሁሉ፣ ካህኑም ምእመኑም፣ ደዌው ሥጋን እየበላ የሚጨርስ፣ ከአባት ወደ ልጅም በዘር የሚወርድ መቅሠፍት አድርጎ ይቆጥረው ነበር። በየሰው ደጅ ጎሕ ሳይቀድ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበሎች እንኳ ዜማውን ብንተው በዚህ ደዌ እንያዛለን ብለው ማመናቸው፣ ፍርሃቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

የነገሩ ምሥጢር ግን በነርቭ ውስጥ ተሰውሮ የኖረ ነው። ከሕብለ ሠረሰር ወጥተው ወደ ዳር የሚዘረጉት ነርቮች እየተከፋፈሉ ለእያንዳንዱ የቆዳ ክፍል የየድርሻውን ስሜት ያድላሉ፤ ከእነርሱም አንዱ፣ ክርናችን ሲጋጭ እስከ ጣታችን የሚነዝረን፣ ከክርን በስተኋላ ከቆዳው ሥር ተጋልጦ ያልፍና ለትንሿ ጣትና ለቀለበት ጣት እኩሌታ ስሜት ይሰጣል። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 በበርገን ከተማ ያገኘው የዚህ ደዌ ተሐዋሲ ቀዝቀዝ ያለውን የአካል ክፍል ስለሚወድ፣ እንዲህ ያለውን ለላይ የቀረበ ነርቭ ያጠቃል፤ ነርቩ ያብጣል፣ ይደነድናል፣ በመጨረሻም ሥራውን ያቆማል። ከዚያ ወዲያ እናት የጋለ ድስት በባዶ እጇ ብታወርድ አይሰማትም፤ ገበሬውም እሾህ በውስጥ እግሩ ተሰክቶ ሲያርስ ይውላል፤ ቁስሉ ይመግላል፣ አጥንቱም ይጠፋል። ጣቶችን የሚያሳጣው በአብዛኛው ይህ ያልታወቀ ቁስል መሆኑን በደቡብ ሕንድ በቬሎር የሠራው ቀዶ ጠጋኝ ፖል ብራንድ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በትዕግሥት አሳየ፤ ለእኔ ይህ ግኝት ከመድኃኒቱ ግኝት አያንስም፣ ሕሙማኑን ከእርግማን ስም አውጥቷቸዋልና።

በአዲስ አበባ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሠራው የሕሙማን መጠጊያ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና መልሶ ማቋቋሚያ ማዕከል መሠረት ሆነ፤ በሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋምም በኋላ በዚያው ግቢ ተተከለ። በሥጋ ደዌ ሕክምና የስሜት ምርመራ ሲደረግ ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ መርማሪዋ በቀጭን የናይለን ክር መዳፉንና ውስጥ እግሩን እየነካካች የተሰማውን ሥፍራ በጣቱ እንዲያመለክት ታደርጋለች፤ ያልተሰማውንም ሥፍራ በሥዕል ላይ ትመዘግባለች። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአገራችን የተሰጠው ጥምር መድኃኒት ተሐዋሲውን ቢገድልም የሞተውን ነርቭ አያስነሣምና፣ የዳነው ሰው ለደነዘዘ እግሩ ለስላሳ የውስጥ ሶል ያለው ጫማ ይሠራለታል፤ ማታ ማታም እግሩን በውኃ ዘፍዝፎ፣ የጠነከረውን ቆዳ ፍቆ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ቁስል እንዳለ በዓይኑ እንዲመረምር ይማራል።